ያስቀናችኝ አሜሪካዊት መኪና

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈሬ ሰው፣ "አስካለ፣ ያን ሁሉ ዘመን ጋራዥ ውስጥ ከወንዶች ጋር ስትውዪ ምኑ ነበር የሚከብድሽ?" እያለ ይጠይቀኛል። የናፍጣውን ሽታ፣ የወንዶቹን አፍ ወይም የናዝሬትን ሙቀት እንዳነሳ ነው የሚጠብቁት። እሱም ነበር። እኔን ግን ከሁሉ በላይ የከበደኝ ቅናት ነው። የቀናሁትም በአንድ ሰውና በአንዲት መኪና ነው።

ሥራዬ የመኪና ወንበር ማልበስ ነበር። አሁን ሥራው ራሱ ጠፋ ማለት ይቻላል። የወንበር ልብስ ተሰፍቶ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከውጭ ይመጣል፤ ባለ መኪናው እንደ ትራስ ልብስ ራሱ ያጠልቀዋል። በእኛ ጊዜ ወንበር ከመኪናው ይወርዳል፣ አሮጌው ልብስ ስፌት በስፌት ይፈታል፣ የፈታነው በካርቶን ላይ ይነደፋል፣ ስፖንጁ ይሞላል፣ ሽቦው ይታሰራል። አንድ ወንበር ሠርቶ ለማውጣት ጣቴ ስንት ጊዜ እንደሚወጋ መቁጠር ትቼ ነበር። ደሞዙን አላነሳውም። ሁላችንም በእኩል የምናማርርበት ነገር ነበር።

ጋራዡ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ጥግ ላይ ነው። በደርግ ጊዜ ተወርሶ የመንግሥት ሆነ። እኔ ከዚያ በፊት ጆንያ እሰፋ ነበር፤ ወፍራም መርፌ የለመደ እጅ ይፈለጋል ሲባል ሰምቼ ሄድኩ። የተቀበሉኝ ጋሽ ደበሌ ናቸው። ከአንድ ጣሊያን ሙያውን የቀሰሙ፣ አጭር፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። ሴት ነሽ አላሉኝም። ሁለት ቁራጭ ሸራ ሰጥተው፣ "እስቲ አጋጥሚልኝ" አሉኝ። ስጨርስ ፊቱን እንኳ አላዩትም። "ገልብጪው" አሉኝ። ገለበጥኩት። የውስጡን ስፌት በአውራ ጣታቸው ዳር ዳሩን ሄዱበትና፣ "ቶሌ፣ ነገ ነይ" አሉ። በኦሮምኛ "እሺ፣ ይሁን" ማለታቸው ነው። ከዚያ በኋላ አብረን በሠራንባቸው ዓመታት ሁሉ የሥራዬን ፊት አስቀድመው አይተው አያውቁም።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ደንበኛ ሲመጣ ስለ ቀለም አይጠይቁትም። አሮጌው ወንበር ላይ ያስቀምጡትና ስለ ዝናብ፣ ስለ ገበያ እያወሩት ዙሪያውን ይሄዳሉ። በየትኛው ጎኑ እንደሚያጋድል፣ ቁልፉን በየትኛው ኪሱ እንደሚይዝ፣ ሲወርድ የት ላይ እንደሚደገፍ ያያሉ። ስፌታችን እነዚያን ቦታዎች ይሸሻል። ወንበሩ ሲያልቅ ደግሞ ራሳቸው ይቀመጡበትና ዓይናቸውን ጨፍነው ዝም ይላሉ።

"ጥሩ ወንበር የተቀመጠበትን ሰው አያናግረውም፣ ኢንተላ ኮ" ይሉኝ ነበር። ልጄ ማለታቸው ነው። "ወንበሩ ትዝ ካለው፣ ተበላሽቷል ማለት ነው።"

እውነታቸውን ነው። ግን ተመልከቱ፤ በደንብ ከሠራሁ ማንም አያስታውሰኝም ማለት እኮ ነው። ግርማ እስኪመጣ ድረስ ይህ ነገር አልቆረቆረኝም ነበር።

ግርማ የሞተር መካኒክ ነው። አሥመራ አሜሪካኖቹ በነበሩበት ሰፈር የእነሱን መኪና ሲጠግን አድጎ፣ እነሱ ሲወጡ ወደ ናዝሬት የወረደ ነው። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ቱታው እንኳ የሚያምርበት ሰው ነበር። ሞተር ሲያስነሳ ከየክፍሉ ሰው ይወጣል። ላሜራ የሚያቃናው ባትላሜራ መዶሻውን ጥሎ ይመጣል፤ ዘበኛው ከበሩ ይመጣል። ጆሮውን ኮፋኖው ላይ ደፍቶ ሁለቴ ነዳጅ ሲሰጥ፣ ሁሉም "ወይ ግርማ!" ይላል። ሾፌሮቹ ሲጋራ ይጋብዙታል። እኔ በዚያው ሰዓት መርፌዬን ይዤ ከልብስ ስፌት መኪናዬ ኋላ ተቀምጫለሁ። ወንበር አይጮህም። ወንበር አስነስቶ ሰው የሚሰበስብ የለም።

አንድ ቀን ያቺ አሜሪካዊት መኪና፣ ሙስታንጓ፣ መጣች። ባለቤቷ አቶ ኃይሉ የተከበሩ የፕሮቴስታንት ቤተሰብ አባት ናቸው። መልካሳ አካባቢ የነበራቸው የፍራፍሬ እርሻ ተወርሶ፣ ከዚያ ሁሉ ሀብት የቀረቻቸው ይቺ መኪና ብቻ ነበረች፤ እሷም ለዓመታት ቆማ ዶሮ ሰፍሮባት ነበር። በበሬ ነው መሰል ተጎትታ ገባች። ነጭ ናት፤ አቧራው ግን ቡና አስመስሏታል። አፍንጫዋ ረጅም፣ ጅራቷ አጭር፣ ቁመቷ ከመሬት ብዙም ያልራቀ። ግርማ ሲያያት ቆቡን አወለቀ። እውነቴን ነው፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው ቆቡን አወለቀላት።

"ልጄን ሣራን ልድራት ነው" አሉ አቶ ኃይሉ። "ቤተ ክርስቲያናችን እንደምታውቁት በመንግሥት ታሽጓል። ቤት ውስጥ በዝማሬ ነው የምንድራት። ቢያንስ በዚህች መኪና ትውጣልኝ።"

ሞተሩ ለግርማ፣ ወንበሩ ለእኔ ተሰጠ። መለዋወጫ ስለማይገኝ ሥራው ዓመት ያህል ፈጀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሳ ሰዓት ጨዋታችን ሌላ ሆነ። ሁላችንም ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ሥር ምሳ ዕቃችንን ከፍተን፣ አሜሪካዊቷ አሪፍ ናት ወይስ አይደለችም በሚለው እንከራከራለን። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሸምሱ የቮልስ ሰው ነው።

"መኪና ማለት ቮልስ ነው" ይላል። "ውኃ አይጠይቅ፣ ነዳጅ አያበዛ። ቢቆምም ሁለት ሰው ይገፋዋል።"

"መግፋት ካማረህ ጋሪ ግዛ" ይለዋል ግርማ። "ናዝሬት ጋሪ ሞልቷል።"

"አሪፍ የምትላት ነዳጅ በኩፖን በሚታደልበት ዘመን በርሜል የምትጠጣዋን ነው?"

እኔ እዚህ ላይ እገባለሁ። "ሁለት ሰው ጭና የአውቶቡስ ነዳጅ ነው የምትጠጣው። ኋላዋ ላይ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱ አገጩን ይመታዋል። አፍንጫዋ ከወገቧ ይረዝማል። ይቺ አሪፍ ከተባለች ግመልም አሪፍ ናት።"

"ግመልም አሪፍ ናት" አለኝ ግርማ። "ግመል የሚያረባውን ከረዩ ጠይቂ።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እንዲህ ነበር፤ የመጨረሻው ሳቅ ሁልጊዜ የእሱ ነው። አንድ ቀን ግን ሳይስቅ መለሰልኝ። "አስካል፣ አሪፍ ማለት ጠቃሚ ማለት አይደለም። ጠቃሚማ አካፋም ነው። አሪፍ ማለት ስታዪው የያዝሽውን ሥራ የሚያስጥልሽ ነው።"

ምሳ ዕቃዬን ከድኜ ተነሳሁ። መኪናዋ በገባች ቀን መቀሴ እጄ ላይ ቆሞ ቀርቶ ነበርና።

ሞተሯ መጀመሪያ የተነሳ ዕለት ጋራዡ በሙሉ እንደ ሠርግ ቤት ሆነ። ድምፅዋ ሆድ ውስጥ ነው የሚሰማው። ከመንገድ ማዶ ሰው መጣ፣ ጋሪ ቆመ። አቶ ኃይሉ ግርማን አቅፈው ሳሙት። ጋሽ ደበሌ እንኳ፣ የእኔ ጋሽ ደበሌ፣ አጠገቡ ሄደው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። እኔን አንድም ቀን ትከሻዬን መተውኝ አያውቁም።

ስለዚህ የእኔም ወንበር ሰው የሚያስጮህ እንዲሆን ፈለግኩ። አቶ ኃይሉ ያሰቡት ተራውን ላስቲክ ነበር፤ እኔ እውነተኛ ቆዳ ካልሆነ ብዬ አሳመንኳቸው። ሞጆ ድረስ ሄጄ ከአንድ ነጋዴ የጃኬት ቆዳ መረጥኩ፤ ደም የመሰለ ቀይ፣ ለስላሳ፣ ሲነኩት የሚያባብል የበግ ቆዳ። ጋሽ ደበሌ አገላብጠው አዩትና፣ "ስስ ነው፤ ደግሞም ቀለሙ ብዙ ነው" አሉ። ነጭ ጨርቅ በውኃ አርሰው ፈተጉት። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ተመለሰ። "እንግዲህ ውኃውን አልፏል" አሉ፣ ደስ ሳይላቸው።

እንደዚያ ወንበር የለፋሁበት ሥራ የለኝም። ኋላ ወንበሩን እንደ ቅጠል ጅማት ወደ ጎን በሚፈስ ስፌት ከፋፈልኩት። ጥጉ ላይ ቆዳው እንዳይሸበሸብ በማንኪያ ጀርባ እየዳመጥኩ አስገባሁት። ነጭ መኪና ውስጥ ቀይ ወንበር! ሸምሱ በሩን ከፍቶ ሲያይ፣ "ወላሂ፣ ይህ የንጉሥ ነው" አለ። ግርማም አየው። ስፌቱን በጣቱ ተከተለና፣ "አስካል፣ ሞተሬን ልታስረሺብኝ ነው" አለኝ። ያን ቀን ወደ ቤቴ የሄድኩት በእግሬ ነው አልልም።

ሠርጉ በጋ ላይ ዋለ። የናዝሬት ፀሐይ ገና በጠዋት ላሜራ ያግላል። ሣራ ቬሎዋን ለብሳ ከሙሽራው ጋር ኋላ ተቀመጠች፤ ግርማ በከረባት መሪውን ጨበጠ። እኛ የጋራዡ ሰዎች በጋሪ ተከተልናቸው። መኪናዋ በዋናው መንገድ ዝግ ብላ ስትሄድ ሰው ከየሱቁ እየወጣ አጨበጨበ። ዘማሪዎቹ ከኋላ እየዘመሩ ነው። መንገዱ ዳር ካሉት ዘንባባዎች ጋ ለፎቶግራፍ ቆሙ፤ እንደገና ሄዱ፤ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው የሙሽራው ቤት ሲደርሱ ግርማ ወርዶ በሩን ከፈተ። ሙሽሪት ወረደች፤ ዕልልታው ቀለጠ። ከዚያ ልትገባ ጀርባዋን አዞረች።

ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ድረስ ቬሎው ቀልቷል። እንደ ቅጠል ጅማት ወደ ጎን የሚፈሰው ስፌቴ፣ መስመር በመስመር፣ ጀርባዋ ላይ ታትሟል።

ዕልልታው እንዴት እንደ ቆመ አልረሳውም፤ ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ እየሞተ መጣ። አንዲት ሴት ልጅቱ የቆሰለች መስሏት ጮኸች። የሣራ እናት ነጠላቸውን አውልቀው አለበሷት። ሣራ ምን እንደሆነ ገና አላወቀችም፤ "ምንድነው? ምን ሆንኩ?" ትላለች። ከዚያ እጇን ወደ ጀርባዋ ሰዳ ጣቷን አየችው። ያን ያህል ሰው ፊት አላለቀሰችም። ፊቷን ብቻ ወደ መኪናዋ መለሰች። አንድ ሰው ከኋላዬ፣ "ወንበሩን የሠራው ማን ነው?" ሲል ሰማሁ። ሰው ስለ ወንበር የጠየቀው ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ጋሽ ደበሌ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ቁራጩን ቆዳ አምጪ አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ከዋለ ቆርቆሮ ላይ አስቀመጡት፤ ቀኑን ሙሉ የለበሱትን ካናቴራ አውልቀው በላባቸው ፈተጉት። ካናቴራው ቀይ ሆነ።

"እኔም ተሳስቻለሁ" አሉ። "ናዝሬት ውስጥ ቆዳ በውኃ አይፈተንም፤ በላብ ነው።" ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው የሥራ ቀኔ፣ ሻሸመኔም ዝዋይም ስመደብ፣ ማንኛውንም ቆዳ የምፈትነው እንደዚያ ነው።

ወንበሩን በራሴ ጊዜ ፈትቼ ቀለም ባልነካው ሸራ አለበስኩት። አቶ ኃይሉ አልተቆጡም፤ ያ ነው የባሰብኝ። ስለ ግርማ ሞተር ግን ከተማው ማውራቱን አላቆመም። የእኔ ውርደት የእሱን ክብር እንኳ አልቀነሰበትም። እንዲህ ዓይነት ቅናት ታውቃላችሁ? እንቅልፍ የሚነሳ ሳይሆን፣ እንቅልፍ ውስጥም አብሮ የሚተኛ።

ሠርጉ ግን የሌላም ሰው ዓይን ገብቶ ኖሯል። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ጓድ ዘለቀ የሚባል ካድሬ ጋራዡ መጥቶ ሠራተኛውን ሰበሰበ። ነዳጅ በኩፖን በሚታደልበት ጊዜ የኢምፔሪያሊስት መኪና በዋናው መንገድ፣ ያውም በመዝሙር፣ ለምን ሰልፍ ወጣ ነው ነገሩ። የነዳው አሜሪካኖች ጋ የሠራ ሰው መሆኑ ደግሞ ነገሩን ከበድ አደረገው። ያኔ እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ስሙ የተነሳ ሰው ማታ ቤቱ ላይገባ ይችል ነበር።

ግርማ ተነስቶ እንዲቆም ተደረገ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ተጠርጎ፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ቆመ።

"ይህ የእኔ አስተያየት ብቻ አይደለም" አለ ጓድ ዘለቀ። "ንቁ ሠራተኞች ቀድመው አጋልጠዋል። ጓዲት አስካለ፣ ሁለት ሰው ጭና የአውቶቡስ ነዳጅ ትጠጣለች ብለሻል አሉ። ትክክል ነው? ተነሺና አስረጂ።"

የምሳ ሰዓት ጨዋታችንን ማን እንደነገረው እስከ ዛሬ አላውቅም። ተነሳሁ። ስንት ቀን ግርማ አንድ ጊዜ ዝቅ ሲል ባየሁት ብዬ ተመኝቼ ነበር። ይኸው ዝቅ ብሏል፤ አንገቱን ደፍቷል። አንድ ቃል ነው የሚጠበቅብኝ፤ እሱም የራሴው ቃል ነው። ጋሽ ደበሌ ከፊት ተቀምጠው ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መዳፋቸው ይመለከታሉ።

"ብያለሁ" አልኩ። "ያልኩት ግን ቀንቼ ነው።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና አፉን ያዘ።

"በምን ቀንተሽ?"

"በመኪናዋ። ጓድ፣ እኔ ላሜራ አላውቅም፤ ስፌት ግን አውቃለሁ። የዚህችን መኪና ወንበር ስፈታ ከሥሩ የሌላ ወንበር ሰፊ እጅ አገኘሁ። ጥጉ ላይ ክሩን እኔ እንደማደርገው ሦስቴ መልሶታል። ማንም በማያየው በኩል! ይህን ያደረገ ከበርቴ አይደለም። አሜሪካ ያለ እንደ እኔ ጣቱን መርፌ የወጋው ላብ አደር ነው። ኮፋኖዋንም ያጎበጠው ላብ አደር ነው። ግርማ የወደደው የእነሱን ሥራ ነው። እኔም ወድጄዋለሁ። አሪፍ ናት። አንድ ዓመት ሙሉ አይደለችም ብዬ የተከራከርኩት እልህ ይዞኝ ነው።"

ጓድ ዘለቀ ደብተሩን አጠፈ። ከዚያ፣ "የት አለች?" አለ።

መኪናዋ ለወንበሩ ሥራ ገብታ ግራሩ ሥር ቆማለች። ሁላችንም ተከትለነው ወጣን። ዞራት። በጣቱ ጎኗን ነካ። "እስቲ ትነሳ" አለ። ግርማ አስነሳት። ያ ሆድ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ወጣ። ጓድ ዘለቀ ገብቶ መሪውን ጨበጠ፤ ሸራዬ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። ፊቱ ልክ እንደ ግርማ፣ እንደ ሸምሱ፣ እንደ ሁላችንም ፊት ሆነ።

"አሪፍ ናት" አለ፣ ለራሱ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ወረደ። "መኪናዋ ለሥራ ጉዳይ ትፈለጋለች። ነገ ጠዋት ትዘጋጅ።"

ስብሰባው በዚያው ተበተነ። የግርማን ነገር ዳግም ያነሳው የለም። አቶ ኃይሉ ወሬው ሲደርሳቸው መጡ፤ ኮፋኖውን አንዴ ዳበሱና፣ "መኪናዋ ትሂድ። ሰው ነው መትረፍ ያለበት" ብለው በእግራቸው ተመለሱ።

ከሰዓት በኋላ ግርማ ሥራ ክፍሌ በር ላይ ቆመ። "ፍሬኗን ልፈትን ነው። ነይ።"

በወንጂ መንገድ ወጣን። ከከተማው ስንርቅ አቆማትና፣ "የምርሽን ነው አሪፍ ያልሽው ወይስ ለእኔ ብለሽ?" አለኝ።

"የምሬን ነው።"

"ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ምን ያከራክርሽ ነበር?"

"አንተ ስለነዳሃት።"

ወረደ፤ ዞሮ በእኔ በኩል ያለውን በር ከፈተና፣ "ተሻገሪ" አለኝ። መንዳት አልችልም አልኩት። ፍሪሲዮኑን አሳየኝ፤ እጄን ማርሹ ላይ አስቀመጠልኝ። ሁለቴ አጠፋኋት። በሦስተኛው ሄደች። የሸንኮራው ማሳ በሁለት በኩል ይሸሻል፤ ያ ረጅም አፍንጫ ከፊቴ መንገዱን ይውጠዋል፤ ድምፁ ከእግሬ ሥር ይነሳል። እኔ፣ ወንበር ሰፊዋ አስካለ፣ ነዳኋት። ጮኽኩ መሰለኝ። ግርማ፣ "ቀስ! ቀስ በይ!" እያለ ይስቃል። ወንበሩ ትዝም አላለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጓድ ዘለቀ ብቻውን መጣ። ግርማ ስለ ማርሹ ሊነግረው ሲል፣ "አውቃለሁ" ብሎ በሩን ዘጋ። ማርሹን ሲያስገባ እንደ ወፍጮ ጮኸች። ዘልላ ቆመች። እንደገና አስነሳት፣ እንደገና ጮኸች። በሩ ጋ የኋላ ፓራውልቷን ከብረቱ ጋር አፋጭቶ ወጣ። እኔና ግርማ ጎን ለጎን ቆመን እናያለን።

ግርማ ከንፈሩን ነክሷል፤ ደም ሥሩ ግንባሩ ላይ ተወጥሯል። መኪናዋ በአቧራ ተሸፍና እስክትጠፋ ዓይኑን አልነቀለም። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ ዓመት ሙሉ ተሸክሜው ኖሬያለሁ።

"ቅናት እንዲህ ነው እንዴ የሚያደርገው?" አለኝ፣ ደረቱን ይዞ።

"እንዲህ ነው" አልኩት።